የሳሙና መስመር

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖረው ጎረቤታችን የጋራዡን በር ከፍቶ ብስክሌቱን ሲያጥብ አገኘሁት። ካናል ዊንቸስተር ወደምትባለው ወደዚህች ከተማ ከገባን ወዲህ ከሰውየው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ብስክሌቱን ማቆሚያ ላይ ሰቅሎ፣ ካቴናውን በብሩሽ እየፈተገ፣ ከጠርሙስ የሆነ ፈሳሽ ያፈስበታል። አስቤዛውን ከመኪናው አውጥቼ ወደ ቤት ልገባ ስል ነፋሱ ሽታውን ይዞብኝ መጣ። የካቴና ማጽጃ ነው። ብርቱካን ብርቱካን ይላል፤ ግን የሚበላ ብርቱካን አይደለም፤ ናፍጣ የፈሰሰበት ብርቱካን ቢኖር እንደዚያ ይሸት ነበር። ይህን ሽታ ካሸተትኩ ዓመታት አልፈዋል። ዕቃዬን እንዳንጠለጠልኩ መንገዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው ቀና ብሎ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ደህና ግን አልነበርኩም።

በዚህ ሰፈር እኔ ብስክሌት እወዳደር እንደነበር የሚያውቅ የለም። ባለቤቴም የሚያውቀው በወሬ ነው። ዛሬ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ የሚጮህ፣ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ሶፋ ላይ የምትዘረጋ ሴት ነኝ። ያቺ ተወዳዳሪ ልጅ እኔ ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል?

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ፎረስት ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ ጣሪያዋ ዝቅ ባለች ትንሽ ቤት ከእናትና አባቴ ጋር እኖራለሁ። እማዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ አባዬ ኦቤትስ በሚባለው አካባቢ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት ይነዳል። አገር ቤት ሳለ ግን ልብስ ሰፊ ነበር። ልብስ ሰፊ ስል ሱሪ የሚያሳጥር ማለቴ አይደለም፤ ሙሉ ልብስ የሚቆርጥ፣ የሰውን የትከሻ ልክ በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ ሰፊ። እዚህ ከመጣን በኋላ ሙያው ቤት ውስጥ ተወሰነ። የሚዜ ቀሚስ ያጠባል፣ የቸርቻችንን የመዘምራን ጋዋን ያስተካክላል፤ የቀረውን ሰዓት ዕቃ ሲያነሳና ሲያወርድ ይውላል። በዚህ ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። ብቻ እጁ ሥራ ከፈታ ይጨንቀዋል። ዜና እያየ እንኳ የሶፋውን ጨርቅ እየዳበሰ የተተረተረ ክር ይፈልጋል።

ወደ ብስክሌቱ ያስገባችኝ ኬሊ የምትባል የኮሌጅ ጓደኛዬ ናት። ሁለታችንም የመተንፈሻ ሕክምና ነበር የምንማረው። አንድ ማክሰኞ ከክፍል እንደወጣን፣ ሰው በሌለበት ሰፊ የፓርኪንግ ሜዳ ላይ ወደሚደረግ የልምምድ ውድድር ይዛኝ ሄደች። እኔ የነበረኝ ጎረቤት ዕቃውን ሲሸጥ ያገኘሁት ከባድ የብረት ብስክሌት ነው። ገና አንድ ዙር ሳንጨርስ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። ምላሴ ደርቆ፣ ሳንባዬ እየነደደ ብቻዬን ዞርኩ፣ ዞርኩ። ሲያልቅ ሣር ላይ ተጋድሜ ሳቄ አላቆም አለ። ለምን እንደሳቅኩ አሁንም አላውቅም። በማግስቱ እግሬ አልታጠፍ ብሎኝ እንኳ ልቤ ያለው እዚያ ሜዳ ላይ ነበር።

ክረምቱን ከትምህርቱ ጎን በያዝኩት ሥራ ኦቨርታይም እየሠራሁ ቆየሁና በረዶው ሲቀልጥ ያገለገለ የአሉሚኒየም የውድድር ብስክሌት ገዛሁ። አባዬ ከሥራ ሲመለስ ጋራዡ ውስጥ አገኘው። ኮቱን ሳያወልቅ ገልብጦ አቆመውና ፔዳሉን በእጁ አዞረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ይሄማ የስፌት መኪና ነው» አለ።

«እንዴት ነው የስፌት መኪና የሚሆነው?»

«ክሩ ይኸውልሽ» አለኝ የማርሹን ገመድ በጣቱ እየነካ። «መወጠሪያው ይኸውልሽ። ከላላ ይዘላል፣ ከተወጠረ ይበጠሳል። ዘይት ካጣ ይጮሃል፣ ዘይት ከበዛበት ቆሻሻ ይሰበስባል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብስክሌቱ የእኔና የእሱ ሆነ። ከሥራ ነፃ በሚሆንባቸው ቀናት ከሰዓት በኋላ የጋራዡን በር ወደ ላይ እንከፍትና እንሠራለን። ከውጭ የታጨደ ሣር ሽታ ይገባል፤ ከጎረቤት የሚጠበስ ሥጋ ጢስ ይመጣል። እሱ ካቴናውን በዚያ ብርቱካን ብርቱካን በሚለው ማጽጃ ይፈትጋል፣ እኔ ቸርኬውን እወለውላለሁ። ብዙ አናወራም። ከአባቴ ጋር በሕይወቴ የተግባባሁት በእነዚያ ዝምታዎች ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዕቃውንም ቀስ በቀስ እያሻሻልን ሄድን። መጀመሪያ ጎማዎቹን፣ ከዚያ ቸርኬዎቹን ቀየርን። የድሮዎቹ ቸርኬዎች ከባድ ስለነበሩ ዳገት ላይ አንድ ሰው ከኋላ ኮርቻዬን የያዘብኝ ይመስለኝ ነበር። ቀለል ያሉትን ካስገባን በኋላ ያ ሰው ለቀቀኝ። ከዚያ ማርሹ፣ ከዚያ ፍሬኑ። በሁለተኛው ዓመቴ መጨረሻ ላይ የገባው ከካርቦን የተሠራ መሪ ነው። በእጅ ሲይዙት ባዶ ካርቶን ይመስላል። ነገር ግን የሚይዙት ትንንሽ ብሎኖች በልካቸው መጥበቅ አለባቸው፤ ከበዛ ካርቦኑ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ መሪው ይዞራል። ለዚህ ተብሎ ልኩን የሚያሳይ መፍቻ ይሸጣል። አባዬ አንድ ጊዜ ሞከረውና ሳጥን ውስጥ መለሰው።

«እጄ ይነግረኛል» አለ።

እጁም ይነግረው ነበር።

እማዬ በነገሩ አልተደሰተችም። ጥላቻዋ ከብስክሌቱ ሳይሆን ሰውነት ላይ ከሚጣበቀው የውድድር ቁምጣ ነው። «ሶስና፣ ይሄ የሚዋኝ ሰው ልብስ ነው» ትለኛለች። ቸርች ውስጥ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ፣ ሁሉን የሚያዩ ሴትዮ ነበሩ። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እማዬን ወደ ጥግ ወሰዷት። ቤት ስንመለስ እማዬ መኪናው ውስጥ ጀመረች።

«እትዬ ዘነቡ መንገድ ላይ አይተዋታል። ምን እንዳሉኝ ልንገርህ?»

«አትንገሪኝ» አለ አባዬ።

«ሰው ምን ይለናል?»

 በሳምንቱ አባዬ ከስስ ጨርቅ አጭር ጉርድ ሰፍቶ ቁምጣው ወገብ ላይ ቆለፈልኝ። «ሰፈሩን እስክትወጪ ልበሺው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ከዚያ አውልቂው፣ ነፋስ ይይዝብሻል።» እማዬ ጉርዱን ካየች በኋላ የቁምጣውን ነገር ተወችው። ከዚያን ቀን በኋላ የውድድር ዋዜማ በሶ ትለውስልኝ ጀመር። ማር ጨምራ በትንንሹ ታድቦለብልና በፎይል ትጠቀልላለች። ሌሎቹ ከፋብሪካ የወጣ ጉልበት ሰጪ ጄል ሲመጡ እኔ የእናቴን በሶ እያኘኩ ዳገት እወጣለሁ። ኬሊ አንድ ጊዜ ቀምሳ ከዚያ ወዲያ ለእሷም ካልተያዘላት ታኮርፍ ነበር።

የቅዳሜ ውድድሮች ነበሩ የእኔ። ማለዳ ከአባዬ ጋር ከከተማው ወጥተን በበቆሎ እርሻዎች መካከል እንነዳለን። ጭጋጉ ከመሬት ሳይነሳ፣ የእርሻ ቤቶቹ ጣሪያ ብቻ ከላይ ይታያል። አባዬ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ግጥሙን አይልም፣ ዜማውን ብቻ። ከአንዱ እርሻ የአሳማ ፍግ ሽታ ሲመጣ እኔ አፍንጫዬን ይዤ መስኮት እዘጋለሁ፤ እሱ ምንም እንዳልሆነ ይነዳል። አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ የካቴና ማጽጃውን ጠርሙስ አንስቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋና «ይሄን ነገር ቀየሩት እንዴ? ሽታ የለውም እኮ» አለኝ። ለእኔ ጋራዡ በሙሉ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ጉንፋን ይዞሃል አልኩት። የማሽተት ችሎታ መጥፋት የምን ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያነበብኩት ከዚያ በጣም ቆይቼ ነው።

ረጅም ውድድር ላይ ውሃ የሚቀበሉበት ቦታ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ዳገት ላይ ነው፣ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ። አባዬ እዚያ ይቆምና ክንዱን ዘርግቶ የጠርሙሱን አንገት በሁለት ጣቱ ይዞ ያንጠለጥላል፤ እኔ ሳልቆም መንትፌው አልፋለሁ። ስተን አናውቅም። በሦስተኛው ዓመቴ፣ ሰመር ሲገባ በተደረገው ውድድር ላይ ግን ጠርሙሱ እጄ ሳይገባ ወደቀ። በሚቀጥለው ዙር ሌላ ዘረጋልኝ፤ እሱም ወደቀ።

«ፈጠንሽብኝ» አለኝ ሲያልቅ።

«አዎ፣ ፈጥኜ ነበር» አልኩት። አልፈጠንኩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያናግር ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ የማድረግ ልማድ አመጣ። መርፌና ክር አምጥቶ «ዓይኔ ደክሟል፣ ክሩን አስገቢልኝ» ማለትም ጀመረ። እያንዳንዱን ለብቻው አየሁት። እርጅና ነው አልኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ለሆነው ሰው ሁሉ ወላጁ ድንገት ያረጀበት ወቅት አለ፤ የእኔም እሱ መሰለኝ።

አንድ ማክሰኞ በዚያው የልምምድ ሜዳ ላይ በፍጥነት ወደ ማዕዘን ስገባ ፍሬን ያዝኩ፤ በዚያችው ቅጽበት መሪው በእጄ ውስጥ ወደ ታች ዞረ። እንደ በር እጀታ። መንገዱን ስቼ ሣሩ ላይ ወጣሁና ተንከባለልኩ። ክርኔ ተላጠ፣ ሌላ ጉዳት የለም። ኬሊ ሮጣ መጣች። እኔ ግን የማየው ብሎኖቹን ነበር። በጣቴ ነካኋቸው። በጣቴ ዞሩ።

አባዬ ከሁለት ቀን በፊት ነበር አውልቆ ያጸዳውና መልሶ ያሰረው።

ከኬሊ መፍቻ ተውሼ አጠበቅኩት። ቤት ስገባ አባዬ ክርኔን አይቶ ደነገጠ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጠጠር ላይ ተንሸራተትኩ።»

ክርኔን በለብ ያለ ውሃ አጠበልኝ። ጠጠሩን ፈልጎ የሚያወጣ ይመስል ቁስሉን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ጠጠር አላገኘም። 

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ። አባዬ ብስክሌቱን ሠርቶ ሲጨርስ እጁን ለመታጠብ ወደ ቤት ይገባል። ሲታጠብ ቶሎ አይወጣም፤ ቅባቱን ከጥፍሩ ሥር ሳያስለቅቅ ማዕድ አይቀርብም። ውሃው ሲከፈት ስሰማ መፍቻውን አንስቼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እሞክራለሁ። አንዳንዴ ጠብቀው አገኛቸዋለሁ፤ ደስ ይለኛል። ብዙውን ጊዜ ግን ይዞራሉ። አንዳንዱ ሩብ ዙር፣ አንዳንዱ ከዚያ በላይ። አጠብቃለሁ፣ መፍቻውን ወደነበረበት እመልሳለሁ፣ ገብቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እማዬ ወጥ ታወጣለች። እሱ እጁን እያደረቀ ይመጣና «አሁን ንጉሥ ሆኗል» ይላል ስለ ብስክሌቱ። «ንጉሥ ሆኗል» እላለሁ። 

ለምን አልነገርኩትም? ቃሉን አላገኘሁትም። ኮት ሲቆርጥ እጁ የማይስት ሰው ነው፤ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ሲደረድር ሲውል የቀረው ነገር ቢኖር ያ እጅ ነው። እሱን «እጅህ አቃተው» ብዬ እንዴት ልጀምር?

የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ነሐሴ አካባቢ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት የገጠር መንገድ ላይ። በእኛ ስፖርት አማተሮች በደረጃ ይከፋፈላሉ፤ እኔ ከፊተኞቹ ጋር ከጨረስኩ ወደ ላይኛው ደረጃ እወጣለሁ። ለሦስት ዓመት የለፋንበት ይኸው ነው። ያን ጠዋት ልብሴን ለብሼ ወደ ጋራዥ ስወጣ አባዬ መኪናው ላይ ብስክሌቱን አልጫነም። በሩን ከፍቶ፣ ብስክሌቱን ብርሃን ላይ አቁሞ፣ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ሶሲ፣ ነይማ እስቲ።»

ሄድኩ።

«ይቺን ታያታለሽ?»

በጣቱ ያሳየኝ አንዱን የመሪ ብሎን ነው። ከብሎኑ ራስ ላይ ቀጭን ነጭ ጭረት አለ፤ ከአጠገቡ ባለው ጥቁር ብረት ላይ ሌላ ነጭ ጭረት አለ። ከዚህ በፊትም አይቻቸው ነበር፤ ተጠርጎ ያልጠራ ማጽጃ መስለውኝ አልፌያቸዋለሁ።

«ምንድን ነው?»

«ሳሙና ነው።» ከሸሚዝ ኪሱ አወጣና አሳየኝ። ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ የሚያሰምሩበት፣ ደርቆ እንደ ምላጭ የሳሳ የሳሙና ስባሪ። «ትናንት አጥብቄ ስጨርስ ከብሎኑ እስከ ብረቱ አሰመርኩ። አንድ ቀጥ ያለች መስመር ነበረች። አሁን ለሁለት ተሰብራለች። ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።»

የተሰበረችውን መስመር በጣቴ ነካኋት።

«ብሎን በመንገድ ነውጥ ይላላል፤ በራሱ አይጠብቅም። ይሄ የዞረው ወደ መጥበቂያው ነው። ብስክሌቱም ከትናንት ወዲህ ከዚህ አልወጣም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ከኋላዬ የምታጠብቂው?»

«ከወደቅኩ ወዲህ።»

«ጠጠር ነው ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ክርንሽን ሳጥብ ጠጠር አልነበረበትም። ማሰመር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ባሰመርኩ ቁጥር ይሰበራል። ስትነጂው ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዛሬ ግን የማታልልበት ነገር አጣሁ።»

«አባዬ…»

«ቆይ። እኔም ያልነገርኩሽ አለ።» ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ኮርቻው ላይ አኖረው። አልደበቀውም፤ አየሁት። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ክር እንደሚያሹ ሆነው ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳሉ። «ፓርኪንሰንስ ነው ብለውኛል። ዘንድሮ ገና በረዶው ሳይቀልጥ ነው የነገሩኝ።»

እኔ ሕክምና ነው የምማረው። ስለዚህ በሽታ ፈተና ላይ ተጠይቄ መልሼ ነበር። ምን እንደሚከተል፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚከተል አውቃለሁ። ያ ሁሉ ዕውቀት አንድ ላይ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ሰመሩ ይለፍ ብዬ ነው። አንቺም ውድድርሽን ጨርሺ ብዬ። ከነገርኩሽ ትተዪዋለሽ።»

ልክ ነበር። እተወው ነበር።

ከዚያ መፍቻውን በግራ እጁ አንስቶ ሰጠኝ። «በይ፣ ከእንግዲህ ፊቴ አጥብቂ። እኔ ልያዝልሽ።» መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። እያንዳንዷን ብሎን እየሞከርኩ ስዞር እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ በመሪው አልፎ በመፍቻው በኩል ወደ እጄ ይመጣል።

«እጅሽ ምን ይልሻል?» አለኝ።

«በቃ ይለኛል።»

«እንግዲያው በቃ።»

 በመንገዱ ሁሉ መዝሙር አላንጎራጎረም። ቦታው ልንደርስ ስንል ብቻ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «እንዳላፍር ብለሽ ነው። ገብቶኛል» አለ። ፊቴን ወደ በቆሎው አዞርኩ።

ዛሬ ውሃ አያስፈልገኝም፣ ሁለት ጠርሙስ ብስክሌቱ ላይ አለ አልኩት። «ቢሆንም እቆማለሁ» አለኝ።

ውድድሩ እንደተጀመረ ሰውነቴ ከጭንቅላቴ የተለየ ሆነ። ጭንቅላቴ ያለው ጋራዡ ውስጥ ነው፤ እግሬ ግን እንደዚያን ቀን ሆኖልኝ አያውቅም። ፀሐዩ ከረረ፣ አስፋልቱ መቅለጥ ጀመረ፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ቀሩ። በመጨረሻው ዙር ከፊት የቀረነው ጥቂት ነበርን። ኬሊ ከኋላዬ ናት። የመጨረሻውን ዳገት ስንጀምር ከፊት ያለችው ልጅ ከኮርቻዋ ተነስታ ፈጠነች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። ያ ነበር ቅጽበቱ። ያኔ የተከተለ ከፊት ይጨርሳል፣ ያልተከተለ ይቀራል። የሚከተል እግር ነበረኝ።

ቀና ስል አባዬን አየሁት። ከዳገቱ አናት በታች፣ ከሌሎቹ ውሃ አቀባዮች ፈንጠር ብሎ ቆሟል። እንደ ድሮው በሁለት ጣቱ አላንጠለጠለም። ጠርሙሱን በሁለት እጁ፣ ሕፃን እንደሚያቀብል ሰው፣ ወደ ፊት ዘርግቶታል። ሌሎቹ አልፈውት ሄዱ። ጠርሙሱ ከእጆቹ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊቱ ደግሞ ይህቺን ብቻ፣ ይህቺን አንድ ጊዜ ብቻ የሚል ፊት ነበር።

ፍሬን ያዝኩ። ወደ እሱ ዳር ወጣሁ፣ እስክቆም ድረስ ቀነስኩ፣ ጠርሙሱን ከሁለት እጆቹ መሃል ወሰድኩ። ጣቶቻችን ተነካኩ።

«ያዝሽው?» አለኝ።

«ይዤዋለሁ» አልኩት።

የጀርባዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ነዳሁ። አልደረስኩባቸውም። ኬሊ ስትገባ አራተኛ ነበረች፤ እኔ ከነሱ በጣም ርቄ ብቻዬን ገባሁ። «ምን ነካሽ?» አለችኝ ኬሊ እያለከለከች። «እግር ነበረሽ እኮ! ለምን ቆምሽ?» ጠምቶኝ ነው አልኳት።

አባዬ ብስክሌቱን መኪናው ላይ ሊጭን ከቤት ይዤ የወጣኋቸውን ሁለቱን ጠርሙሶች ከላዩ አወጣ። አንዱ ባዶ ነው። ሁለተኛውን ሲያነሳ እጁ ላይ ከበደው። ሙሉ ነበር፤ ክዳኑም አልተነካም። ይዞት ቆመ። አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ ዞር ብሎ መንገዱ ዳር ያለች ዛፍ ሥር አፈሰሰው፤ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ።

«ደረጃው ቀረ?» አለ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

«ለሚመጣው ዓመት» አልኩት።

«አዎ፣ ለሚመጣው ዓመት» አለ።

ለእማዬ በማግስቱ ከቸርች መልስ ነገርናት። በሽታውን ሰምታ አላለቀሰችም። ያስለቀሳት ሌላው ነው። «ሁለታችሁም ታውቁ ነበር» አለች፤ «እኔ ወጥ እያወጣሁላችሁ።»

በሚቀጥለው ዓመት ጋራዡን ከፈትን። እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይይዛል፣ እኔ አጠብቃለሁ። ጥሩ ጊዜ ነበር፤ አጭር ነበር እንጂ። መኸሩ ሳይገባ መያዙም አስቸገረው፤ ከዚያ መቀመጡም። ሥራውን ተወ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሆስፒታል ሥራ ገባሁ፣ ከውድድሩም በዚያው ቀረሁ። ብስክሌቱን ለአንዲት ጀማሪ ልጅ ሰጠኋት። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ። ኮት ሰፍቶ ሰው የዳረ ሰው፣ የገዛ ቁልፉን ሳስገባለት አገጩን ቀና አድርጎ ይጠብቀኛል፤ እንደሚለካ ደንበኛ። ሲያርፍ ክረምት ነበር፤ መሬቱ በረዶ ሆኖ ለመቆፈር አስቸግሮ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሰዎች አጠገቡ ስለነበርሽ ዕድለኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ። በሽታውንም ቢሆን አልረግመውም፤ የሰው ልጅ ሁሉ በአንድ ነገር ይሄዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ አንድ ሰመር ነው። እሱ የሚያውቀውን ይዞ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ እኔ የማውቀውን ይዤ የውሃውን ድምፅ አደምጣለሁ። በአንዲት ጋራዥ ውስጥ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ፈሩ። እጁ ገና መያዝ በሚችልበት ወቅት አብረን ልንቆምባቸው የምንችላቸው ሳምንታት በመተዛዘን አለቁ።

እማዬ አሁን የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ቃላት ይጠፉባታል። ስም ትረሳና በሳቅ ትሸፍነዋለች። ምድጃ ለኩሳ ትወጣለች፤ እኔ ከኋላዋ እየሄድኩ አጠፋለሁ፤ ስትመለስ ምንም እንዳልሆነ እሆናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከጎረቤቱ ተለይቼ ቤት ስገባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ዕቃዬን መሬት ላይ አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እየረሳሽ እንደሆነ አይቻለሁ» አልኳት።

ፊቷን ከመስኮቱ ወደ እኔ መለሰች። ከዚያ እጄን ያዘች።

«መቼ ትነግረኝ ይሆን እያልኩ ነበር» አለችኝ።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ምን እንደሚለን አላውቅም። እሷ ፈርታለች፤ እኔም ፈርቻለሁ። በዚህኛው ግን የፈራነው አብረን ነው።